ወደ መሬት ስለሚሰርገው ናፍጣና ስለ ምርመራው

ናፍጣ በአፈር ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ብዙ ሳይቈይ ከዐይን ይሰወራል። ያየውም ሰው «መሬት ጠጣው» ብሎ ነገሩን እንዳለቀ ይቈጥረዋል። የወረዳ ሹም ግን ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

በአዲስ አበባ በጉለሌ በኩል ያለው ሽሮ ሜዳ ስሙ የሚጠራው በሸማኔዎቹና በጥበብ ልብስ ገበያው ነው። ይሁን እንጂ የስፍራው አቀማመጥ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከበላዩ ቁመቱ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው የእንጦጦ ተራራ አለ፤ ከበታቹም ከተማው ተዘርግቶ እስከ አቃቂ ሜዳ ይወርዳል። በዳገቱ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ በጅረት ወደ አቃቂ ወንዞች ይሄዳል፤ ከፊሉም በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሰርጎ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በእነዚያም ወንዞች ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ይለማል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ጋራዥ ወይም የነዳጅ ማደያ ያለው፣ ወይም በጄኔራተር የሚሠራ ሰው ናፍጣ ቢያፈስ፣ ጕዳቱን አስቀድሞ የሚቀምሰው ከበታቹ ያለው ነው። ይህም ሲባል የሽሮ ሜዳ ናፍጣ በምድር ውስጥ ተጕዞ አቃቂ ይደርሳል ለማለት አይደለም። የሚያሰጋው የቅርቡ ምንጭ፣ የግቢው ጕድጓድና በአጠገቡ የሚወርደው ጅረት ነው።

የናፍጣን ጠባይ ያላወቀ መርማሪ በቀላሉ ይሳሳታል። ናፍጣ ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 840 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ ሲወርድ ከፊሉ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል፤ የተረፈው ከርሰ ምድር ውኃ ሲደርስ በላዩ ይንሳፈፋል። በውኃ የሚሟሟው እጅግ ጥቂቱ ቢሆንም፣ የጕድጓዱን ጣዕምና ሽታ የሚያበላሸው ይኸው ጥቂቱ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ከፍ ይልና ከናፍጣው ብዙውን በአፈሩ መካከል እንደ ተያዘ ይውጠዋል፤ በበጋ ውኃው ሲወርድ ናፍጣው ተከትሎት ይወርዳል፤ እንዲህ እያለም ወፍራሙን የአፈር ክፍል ሁሉ ይቀባዋል። ከዚህ የተነሣ በነሐሴ ንጹሕ መስሎ የታየው ጕድጓድ በሚያዝያ ናፍጣ ተንሳፎበት ሊገኝ ይችላል። በአንድ ወቅት ብቻ ተለክቶ «ነፃ ነው» የተባለ ግቢ በእውነቱ ገና አልተመረመረም።

ከቍፋሮው አስቀድሞ የግቢው ታሪክ ይጠየቃል። ይኸውም የናፍጣው ጋን የት እንደ ተቀበረ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ፣ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ፣ የተገዛውና የተሠራበት ናፍጣ ልክ ይተካከል እንደ ሆነ ነው። መዝገብ ከሌለ የድሮ ዘበኞችና ሾፌሮች ብዙ ያውቃሉ። ቀጥሎ አፈሩ በእጅ መሰርሰሪያ እየተበሳ፣ በየግማሽ ሜትሩ ናሙና እየተወሰደ፣ በጥልቀትም በስፋትም ንጹሕ አፈር እስኪገኝ ይኬዳል። በመጨረሻም ቢያንስ ሦስት የመመልከቻ ጕድጓዶች በአንድ መስመር ላይ ሳይሆኑ ይቈፈራሉ፤ የውኃቸው ከፍታ ከአንድ ቋሚ ምልክት አንጻር ሲለካ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አንዱ ጕድጓድ ከጋኑ በላይ ባለው ወገን መሆን አለበት፤ ናፍጣው ከላይኛው ጎረቤት የመጣ እንደ ሆነ በደለኛ ያልሆነው ሰው እንዳይከሰስ ይህ ይጠብቀዋል። ጕድጓዱ በሸክላ አፈር የተዘጋውን ክፍል በስቶ ለናፍጣው አዲስ መንገድ እንዳይከፍትለት ዙሪያው በሚገባ ይደፈናል።

የውኃው ናሙና በመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዚያም ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ ናፍጣውን ከቤንዚንና ከሞተር ዘይት ለይቶ ያሳያል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በተጠረጠረው ጕድጓድ የሚጠጡ ሰዎች ሌላ ውኃ ሊሰጣቸው ይገባል።

በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ ግዛት፣ በቤሚጂ ከተማ አጠገብ በ1971 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979) ቧንቧ ፈንድቶ 1,700,000 ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። አብዛኛው ተነሣ፤ የቀረው ግን ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላም በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ተገኝቷል። በውኃ የሟሟው ክፍል ከጥቂት መቶ ሜትር ያልራቀው በአፈር ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እየበሉት ስለ ሆነ ነው። ያ ስፍራ አሸዋማ ነው፤ ዐለቱ በተሰነጠቀበት አገር ግን መንገዱን አስቀድሞ መገመት ይከብዳል።

ከሁሉ የከፋው ናፍጣውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወደ ጅረት መስደድ፣ ወይም የተበከለውን አፈር ዝቆ ወንዝ ዳር መጣል ነው። የሚያፈሰው ጋን አስቀድሞ ይዘጋል፤ የተንሳፈፈውም ናፍጣ ይቀዳል። ተቈፍሮ የወጣው አፈር ውኃ በማያሳልፍ ንጣፍ ላይ ተዘርግቶ፣ ብስባሽ ተጨምሮበት፣ እየተገላበጠና እየረጠበ ቢያዝ ተሕዋስያኑ በወራት ውስጥ ብዙውን ይጨርሱታል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል፤ ለተቈጣጣሪዎችም ወደ ግቢ ገብተው ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ሰጥቷል። ግቢውን ለጋራዥ የሚያከራይ ሰውም ተከራዩ ሳይገባ አፈሩን ቢያስመረምርና ውጤቱን ከውሉ ጋር ቢያያይዘው ይበጀዋል፤ ተከራዩ ሲለቅ ጋኑን ነቅሎ ይሄዳል፣ የሰረገው ናፍጣ ግን ከግቢው ጋር ይቀራል።