ቁጥራቸውን ወደ ምክር ቤት ያመጡት ሰው

እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሞኒ ማይክል የካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በካናዳ ታሪክ ለሕግ አውጪ አካል የተመረጡ የመጀመሪያው የኢኑዊት፣ ማለትም የአርክቲክ ነባር ሕዝብ፣ ተወላጅ ናቸው። በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ግን ከምርጫው በፊትም ሆነ በኋላ ኢ7-551 ነበሩ። ደብዳቤ ሲላክላቸው ከስማቸው ቀጥሎ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነበር። አዲሱ ተመራጭ ጉዳዩን በምክር ቤቱ ፊት አንስተው በቁጥር መታወቅ እንደማይፈልጉ ተናገሩ፤ መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ ቁጥሩን በቤተሰብ ስም የሚተካ ዘመቻ ጀመረ። የምክር ቤት አባልን የምንመዝነው ብዙውን ጊዜ ባስገነባው መንገድና ባስወጣው ሕግ ነው። የሲሞኒ ታሪክ ግን ከዚህ የሚቀድም ሥራ እንዳለ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ይህም ሹማምንቱ ለምደውት ከነገር የማይቆጥሩትን ጉዳይ፣ የደረሰበት ሰው ራሱ ችግር ነው ብሎ በሕግ አውጪዎች ፊት ማቅረብ ነው። ለዚህ ወንበር ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን ዓይነት ሕይወት ኖሮ እንደመጣ ወሳኝ ነው።

ሲሞኒ የመጡት በዛሬ ስሟ ኢቃሉዊት፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ፍሮቢሸር ቤይ ተብላ ትታወቅ ከነበረችው የባፊን ደሴት ከተማ ነው። አናጺ ነበሩ፤ የራሳቸውን ንግድም አካሂደዋል። ኢኑዊቶች ቤት ለመሥራት በኅብረት ሥራ ማኅበር በተደራጁበት እንቅስቃሴ ውስጥ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ለኢቃሉዊት ከተማ ምክር ቤት መነሻ በሆነው አካል ውስጥም አገልግለዋል። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ጊዜ የኢኑዊቶች ቋንቋ በሆነው በኢኑክቲቱትና በእንግሊዝኛ መካከል ማስተርጎም ከሚችሉት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። አስተርጓሚ በሁለቱ ወገኖች መካከል ቆሞ የሁለቱንም ይሰማል። ሹሙ ለምን ቁጥሩን አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ የተጠየቀው ሽማግሌ ቁጥሩን ሲናገር ፊቱ ላይ የሚነበበውንም ያያል። በኦታዋ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ባለሥልጣን፣ ቅን ልብ ቢኖረው እንኳ፣ ሁለተኛውን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ቁጥሩ ሥራ ላይ የዋለው በ1941 ነው። እያንዳንዱ ኢኑዊት ሳንቲም የሚያክል፣ የንጉሣዊው ዘውድ ምልክት የታተመበት ክብ መለያ (ዲስክ) ተሰጠው፤ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥለው ወይም ልብሱ ላይ እንዲሰፋው ይጠበቅ ነበር። ከፊት ያለው ፊደል ምሥራቅ ወይም ምዕራብ መሆኑን፣ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ወረዳውን፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰውየውን ያመለክታል። ሐሳቡ ቀደም ብሎም ተነሥቶ ነበር፤ በፓንግኒርቱንግ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ሐኪም በ1935 ሕፃናት እንደ ወታደር የመለያ ቁጥር እንዲሰጣቸው ጠይቆ ነበር። ከ1945 ጀምሮ የቤተሰብ ድጎማ ሲከፈል ቁጥሩ ይበልጥ ሥር ሰደደ። በአገሪቱ ሌላ ማንም ዜጋ እንዲህ ያለ መለያ እንዲያንጠለጥል አልተደረገም።

የዚያን ጊዜ አስተዳደር የሚሟገቱ ሰዎች ቁጥሩ የክፋት ሳይሆን የግድ ነበር ይላሉ። ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ኢኑዊቶች የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ አንድ ሰው በርካታ ስሞች ሊኖሩት ይችላል፤ ስሙ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን አያሳይም፤ ሚስዮናዊው፣ ነጋዴውና ፖሊሱ ያንኑ ስም በየራሳቸው አጻጻፍ ይመዘግቡታል። ድጎማ ለትክክለኛው እናት እንዲደርስ፣ የሕመምተኛው መዝገብ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይምታታ አንድ መላ ያስፈልግ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን መላው የመዝጋቢውን ችግር ሲፈታ የተመዝጋቢውን ሳይነካው ቀረ። በ1950ዎቹ የሳንባ ነቀርሳ ሰሜኑን ባጠቃ ጊዜ ሕሙማን እየተመረመሩ እንደ ሲ.ዲ. ሃው ባሉ መርከቦች ወደ ደቡብ ሆስፒታሎች ይወሰዱ ነበር፤ በ1956 ከሰባት ኢኑዊቶች አንዱ ገደማ በደቡብ ካናዳ የነቀርሳ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሁሉም ቁጥር ነበራቸው። ሆኖም በዚያ የሞቱት ብዙዎቹ የት እንደተቀበሩ ቤተሰቦቻቸው ለአሥርት ዓመታት አላወቁም። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጀስቲን ትሩዶ በመጋቢት 2019 ወደ ኢቃሉዊት ሄደው ስለዚያ ዘመን አያያዝ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል፤ መቃብር ለሚፈልጉ ቤተሰቦችም መረጃ የሚሰጥ ሥራ ተጀምሯል። ሰው እንዳይጠፋ ተብሎ የተሰጠ ቁጥር ሰውን ከመጥፋት ካላዳነው፣ የግድ ነበር የሚለው ክርክር ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

የቀረው ግማሽ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሌለው ሕዝብ ሥርዓት የለውም በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ኢኑዊቶች ለተወለደ ልጅ በሞት የተለየ ወይም የሚከበር ሰው ስም ይሰጣሉ፤ ከስሙ ጋርም ዝምድናው አብሮ ይተላለፋል። የአያቷን ስም የወረሰችን ሕፃን ወላጅ እናቷ «እናቴ» ብላ ልትጠራት ትችላለች። ይህ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ማን ለማን ኃላፊነት እንዳለበት የሚያስታውስ ጥብቅ ሥርዓት ነው። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም የቤተሰብ ስም የለንም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ተመዝግቦ ይማራል፣ ይነግዳል፣ ግብር ይከፍላል። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሄደ ኢትዮጵያዊ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ ለምን የተለያየ የመጨረሻ ስም እንዳላቸው በየመሥሪያ ቤቱ ሲያስረዳ የሚደክመው፣ ስሙ ጉድለት ስላለበት ሳይሆን ቅጹ የተዘጋጀው ለሌላ ልማድ ስለሆነ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ሥልጣን ነው። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ያውም እንዲህ ባለ ምክር ቤት፣ ምን ሊያደርግ ይችላል? በርግጥም ምክር ቤቱ ደካማ ነበር። ግዛቱ ያኔ የዛሬውን ኑናቩት ጨምሮ የካናዳን አንድ ሦስተኛ ያህል የሚሸፍን ሆኖ ሳለ፣ እስከ 1967 ድረስ የሚተዳደረው ከኦታዋ ነበር። የተመረጡ አባላት ወደ ምክር ቤቱ የገቡት በ1951 ሲሆን እነሱም ከምዕራቡ የማኬንዚ አካባቢ ብቻ ነበሩ። ኢኑዊቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1950፣ ምሥራቁ አርክቲክ የራሱን የምክር ቤት ወንበር ያገኘው ደግሞ ገና በ1966 ነው። ሲሞኒ በሹመት ከገቡ አባላት ጋር ነው የተቀመጡት፤ ብቻቸውን ሕግ ማስወጣት አይችሉም። ለእኔ ግን ይህ የሥራቸውን ምንነት ይበልጥ ያጎላዋል። ድምፅ ቆጥሮ ማሸነፍ የማይችል ተመራጭ የቀረው መሣሪያ ምስክርነት ነው። እሳቸውም በኢኑዊት ስም የተጻፈ አቤቱታ አላነበቡም፤ የራሳቸውን መለያ ቁጥር ነው የጠሩት። ባልንጀራቸው የሆነ የምክር ቤት አባል በሕዝብ ተመርጦ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ በመንግሥት መዝገብ ቁጥር መሆኑን የሰሙት ሰዎች፣ ጉዳዩን የሩቅ መንደር ልማድ አድርገው ሊያልፉት አልቻሉም።

የግዛቱ ኮሚሽነር ስቱዋርት ሆጅሰን ቁጥሩን በቤተሰብ ስም የመተካቱን ሥራ ለኤብ ኦክፒክ ሰጡ። ኦክፒክ በ1965 በሹመት ወደ ምክር ቤቱ የገቡ የመጀመሪያው ኢኑዊት ነበሩ። ከ1968 እስከ 1971 ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ ቤተሰቦች የሚጠሩበትን ስም እንዲመርጡ ጠየቁ፤ አጻጻፉን አስተካክለው መዘገቡ። በዚህ መንገድ ዲስኩ ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዋ ቫለሪ አሊያ ስለ ዘመቻው በጻፈችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ የቤተሰብ ስምም ከውጭ የመጣ ልማድ ነበር። ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች፣ ልጆች የአባታቸውን ይወርሳሉ የሚለው አሠራር ስሙ ወንድና ሴት በማይለይበት ማኅበረሰብ ላይ ተጫነ። መዝጋቢው ሲመጣ አደን ወይም ትምህርት ቤት የነበሩ ሰዎች ሲመለሱ ሌላ ሰው የመረጠላቸውን ስም ይዘው አገኙት። እንዲህ ከሆነ ሲሞኒ ያስገኙት አንዱን ጫና በሌላ መተካት ብቻ ነው ማለት ይቻላል? እኔ አይመስለኝም። የጠየቁት ቁጥሩ እንዲቀር ነው፤ ምላሹን የቀረጸው አስተዳደሩ ነው። በዘመቻው ላይ የሚነሣው ትችት ጠንካራ የሆነውም ጥያቄው ትክክል ስለነበረ ነው፦ ሰው የሚታወቅበትን ራሱ ይወስን ከተባለ፣ የቤተሰብ ስሙም በዚያው መለኪያ ሊመዘን ይገባዋል። ከዚህ ሌላ ልዩነት አለ። ስህተት ያለበት ስም ይታረማል፣ ይከሰሳል፣ በራስ ቋንቋ ተጽፎ ለልጅ ይተላለፋል። ኢ7-551ን ግን ማንም ለልጁ አያወርሰውም።

ዲስካቸውን ያለ ምሬት ያስታወሱ፣ እንደ ቅርስ ያስቀመጡ ሽማግሌዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ተዋርጃለሁ የሚል ስሜት ያደረበት ሁሉም አልነበረም። ይህ ግን የሲሞኒን አቤቱታ አያፈርስም። ዘፋኟ ሉሲ ኢድላውት እ.ኤ.አ. በ2003 አልበሟን የሰየመችው በእናቷ የዲስክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከቀረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሲሞኒ በወንበራቸው ላይ ሳሉ ለመሠረተ ልማትና ለሕዝብ ጤናም ሠርተዋል። ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ በምርጫ የተሞላው በ1975፣ ኑናቩት ራሷን የቻለች ግዛት ሆና የራሷን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያቋቋመችው በ1999 ነው፤ ሲሞኒ ያረፉት በ2008 ስለሆነ ሁለቱንም ለማየት በቅተዋል። የስሙ ክርክር ግን በምክር ቤት አላበቃም። ዴቪድ ዋርድ በሚል ስም ያደጉት፣ በቦክሰኝነትና በኤድመንተን ከተማ ምክር ቤት አባልነት የሚታወቁት የመጀመሪያው ኢኑዊት ጠበቃ፣ ያለ ቤተሰብ ስም ኪቪያክ ብቻ ተብለው የመጠራት ሕጋዊ መብት ያስከበሩት በ2001 ነው።