በቦረና ድርቅን ማጥናት

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቦረና ቆላ የሚካሄድ የአየር ንብረት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚስተው ገና ወቅቶችን ሲለይ ነው። ብሔራዊው ትንበያ ዓመቱን ክረምት፣ በጋና በልግ ብሎ ይከፍላል። ለደጋው አራሽ ይህ ይስማማል። የቦረና ዋና ዝናብ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ገንና ነው፤ ሁለተኛው፣ ሀገያ፣ የሚጥለው በጥቅምትና በኅዳር፣ ትንበያው በጋ በሚለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ ከቀሩት አምስት ዝናቦች ሦስቱ ሀገያ ነበሩ። በጋን ደረቅ ወቅት ብሎ የጀመረ ጥናት እነዚህን እንደ ጉዳት አይቆጥራቸውም።

የጉዳት መለኪያውም እንዲሁ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን ክፍያውን የሚወስነው ሳተላይት በሚያነበው የዕፅዋት ልምላሜ ነው። ሳተላይቱ ግን ሣርን ከቁጥቋጦ በሚገባ አይለይም። አርብቶ አደሩ ቀድሞ ግጦሹን በእሳት እያጸዳ ቁጥቋጦውን ይገታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ እሾሃማው ግራር ሣሩን እየዋጠ ሄዷል። ፍየልና ግመል ይቀጥፉታል፣ ላም ግን በዚያ አትኖርም። ይህን ማንኛውም የቦረና እረኛ ያውቃል፤ ክልከላው ሲወጣ የጠየቀው አልነበረም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ማኅበረሰቡ ዛሬም የሚጠራው በጥናቱ ማብቂያ፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ለሚባል የግማሽ ቀን ስብሰባ ነው። ግንዛቤ የጎደለው አርብቶ አደሩ ነው የሚለው እምነት በየዕቅዱ ይደጋገማል፤ ስሕተት መሆኑን ደጋግሞ ማስረዳትም ያታክታል። ቦረና ከብቱን ወራና ፎራ ብሎ ይከፍላል፦ የምትታለበው ላም መንደር አጠገብ ትቀራለች፣ ሌላው ከወጣቶች ጋር ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዳል። ይህ ራሱ ለድርቅ የተበጀ ዕውቀት ነው። ናሙናውን ከቀበሌ መዝገብ የሚወስድ ጥናት ግን የሚያገኘው መንደር የቀሩትን ብቻ ነው፤ ግጦሽ የት እንዳለቀ፣ የትኛው ውኃ እንደነጠፈ የሚያውቁት ወጣቶች ከፎራ ጋር ናቸው። መጠይቁ አባወራውን ብቻ ሲፈልግ ደግሞ ሴቲቱ ትዘለላለች። ጥጃውን የምታሳድገው፣ ወተቱ መጉደሉን ከሁሉ አስቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ከብት መሞት ከመጀመሩ በፊት የሚገኘው ምልክትም ይኸው ነው።

ስለዚህ እረኛውና ሴቲቱ የሚያስፈልጉት ጥያቄው ሲቀረጽ፣ ወቅቱና የጉዳት መለኪያው ሲመረጥ ነው። በጀቱ ፎራ ድረስ መሄጃ፣ ለሚሰጡት ጊዜም ክፍያ ይኑረው። ውጤቱ በአፋን ኦሮሞ ተነግሮ የሚታረመው ለውሳኔ ሰጪው ከመድረሱ አስቀድሞ ነው፤ የመድን ውል ከተፈረመ ወይም ክልከላ ከወጣ በኋላ የሚመጣ አስተያየት መለኪያውን አይለውጠውም።