የቤት ግምትና የወጣቶች አእምሮ ጤና
በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩባትን ሲያትልን የሚያጠቃልለው ኪንግ ካውንቲ የቤቶችን ግምት በየዓመቱ ይከልሳል፤ ቢያንስ በ6 ዓመት አንዴ ደግሞ ገማቹ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል። በዚህ ግምት ላይ ከሚጣሉት ግብሮች አንዱ፣ መራጮች በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቁትና በ2021 ያደሱት "ቤስት ስታርትስ ፎር ኪድስ" (ለልጆች መልካም ጅምር) የተባለው ነው። በ2022 መጣኔው ከ1,000 ዶላር ግምት 19 ሳንቲም ነበር፤ ቤቱ 600,000 ዶላር የተገመተ ሰው በዚያ ዓመት 114 ዶላር ይከፍል ነበር ማለት ነው። ከዚህ ገንዘብ ከፊሉ ትምህርት ቤት ይገባል፦ ተማሪዎች ስለ ጭንቀታቸውና ስለ ስሜታቸው ይጠየቃሉ፤ እርዳታ የሚያሻው ከአማካሪ ጋር ይገናኛል። አንድ ልጅ ችግሩ ሳይብስበት "እንዴት ነህ?" የሚለው አዋቂ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ቤቱ ግምት ስንመለስ፣ ግምቱ በዛብኝ የሚል የቤት ባለቤት፣ የግምቱ ማስታወቂያ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።