ያለ ቅድሚያ ክፍያ የተሸጠው ቤት
አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ የቤት ገበያዋን ያስፋፋችበት ስልት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያበቃ አሜሪካን ካስጨነቋት የኢኮኖሚ ጉዳዮች አንዱ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ሳቢያ የቤት ግንባታ ለ15 ዓመታት ያህል ተዳክሞ ቆይቷል። ከግዳጅ የተመለሰው ወታደር ትዳር መሥርቶ ልጅ መውለድ ሲጀምር የሚገባበት ቤት አጣ። ብዙዎች ከወላጆቻቸው ጋር ተዳብለው፣ ሌሎችም ለሠራዊቱ ተሠርተው በነበሩ የቆርቆሮ መጠለያዎች ለመኖር ተገደዱ።

ይሁንና በ1940 ከ100 የአሜሪካ ቤተሰቦች ባለቤት በሆኑበት ቤት የሚኖሩት 44 ያህሉ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ1960 ቁጥራቸው 62 ደርሷል። ለዚህ ለውጥ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይጠቀሳሉ። አንደኛው የግንባታ ወጪ መቀነሱ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን የብድሩ አሠራር መለወጡ ነው።

የድንች ማሳው ከተማ ሆነ

የግንባታው ለውጥ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠራው ዊሊያም ሌቪት ነው። የእሱ ኩባንያ ከኒውዮርክ ከተማ ብዙም በማይርቀው ሎንግ አይላንድ የድንች ማሳ የነበረ ሰፊ መሬት ገዝቶ በ1947 ግንባታ ጀመረ። ሥራውን ከ20 በላይ በሆኑ ደረጃዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ቡድን መደበ። በመኪና ፋብሪካ ሠራተኛው ቆሞ መኪናው በፊቱ ሲያልፍ፣ በሌቪት ዘዴ ግን ቤቱ ባለበት ይቆምና ቡድኖቹ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራሉ። አንዱ ቡድን ወለል ሲያፈስ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። ኩባንያው እንጨቱን ከራሱ መሰንጠቂያ፣ ምስማሩን ከራሱ ፋብሪካ ያቀርብ ስለነበር የአቅራቢ ነጋዴዎችን ትርፍ ለራሱ አስቀርቷል። ሥራው በተፋፋመበት ወቅት በቀን 30 ያህል ቤት ይጠናቀቅ ነበር። እስከ 1951 ድረስም ሌቪታውን በተባለው በዚህ ሥፍራ ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተዋል።

ቤቶቹ በመጀመሪያ በወር 60 ዶላር ለቀድሞ ወታደሮች ይከራዩ ነበር። በ1949 ለሽያጭ የቀረበው ሞዴል ግን ዋጋው 7,990 ዶላር ነበር።

ዋጋው ሳይሆን ዘመኑ

ከ1930ዎቹ በፊት ቤት በብድር መግዛት የፈለገ አሜሪካዊ የዋጋውን ግማሽ ያህል በእጁ መያዝ ነበረበት። የቀረውን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ ብድር ይወስድና ወለዱን እየከፈለ ይቆያል። ዘመኑ ሲያልቅ ዋናውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መመለስ አለበለዚያም ብድሩን ማሳደስ ግድ ይለዋል። ድቀቱ ሲመጣ ባንኮች ለማሳደስ ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ብዙዎች ቤታቸውን ተነጠቁ።

መንግሥት በ1934 የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርን አቋቁሞ የረዥም ጊዜ የቤት ብድሮችን መድን መስጠት ጀመረ። በ1944 የወጣው የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ደግሞ ለብድራቸው የመንግሥት ዋስትና ሰጠ፤ ወለዱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወታደሩ ባይከፍል የኪሣራው ከፍተኛ ድርሻ የመንግሥት በመሆኑ ባንኩ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለማበደር አላመነታም። እስከ 1952 ድረስ 2.4 ሚሊዮን ያህል የቤት ብድሮች በዚህ ዋስትና ተሰጥተዋል።

የአሠራሩን ውጤት በሂሳብ ማየት ይቻላል። 8,000 ዶላር በ4 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ5 ዓመት ለመመለስ በወር 147 ዶላር ያስፈልጋል። ያው ገንዘብ በ30 ዓመት ሲከፈል ወርሃዊው ክፍያ ወደ 38 ዶላር ይወርዳል። የቤቱ ዋጋም ሆነ ወለዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘመኑ ብቻ ነው። በእርግጥ ተበዳሪው በ5 ዓመት ቢከፍል ጠቅላላ ወለዱ 840 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በ30 ዓመት ግን ወደ 5,750 ዶላር ይደርሳል። ሆኖም ለኪራይ ያወጣው ከነበረው ባነሰ ገንዘብ የቤት ባለቤት ስለሚሆን ክርክር አላነሳም።

ባንኩስ ገንዘቡን ለ30 ዓመት እንዴት ያስራል? ለዚህ መልስ የሰጠው በ1938 የተቋቋመውና ፋኒ ሜ በሚል የሚታወቀው ድርጅት ነው። ድርጅቱ መድን የተገባላቸውን ብድሮች፣ ከ1948 ጀምሮም የወታደሮቹን ብድሮች ከአበዳሪዎች ይገዛ ነበር። አበዳሪው የብድር ውሉን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ለሌላ ሰው ያበድራል።

በሩ የተዘጋባቸው

ይህ ዕድል ግን ለሁሉም አልደረሰም። የሌቪታውን የመጀመሪያ ውሎች ከነጭ ዘር ውጪ የሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር ይከለክሉ ነበር። የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የአሠራር መመሪያም ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች ለብድር አስጊ አድርጎ ይመድብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያሉ የዘር ውሎችን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ቢወስንም አሠራሩ ወዲያው አልቆመም። በ1957 ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት በፔንስልቬንያው ሌቪታውን ቤት ገዝተው ሲገቡ በድንጋይ የሚደበድብ ሕዝብ ከደጃቸው ተሰለፈ፤ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስም ጣልቃ መግባት ግድ ሆነበት። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው።

የዚህ መዘዝ በገንዘብም የሚታይ ነው። በ7,990 ዶላር የገዛው ቤተሰብ ብድሩን እየከፈለ የቤቱ ዋጋ ሲያድግለት ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለንግድ መነሻ የሚያስይዘው ንብረት አገኘ። የተከለከለው ቤተሰብ ግን በእነዚያው ዓመታት ኪራይ ሲከፍል ቆይቶ ለልጆቹ የሚያወርሰው ቤት አልነበረውም።

ሌቪት ራሱ ኩባንያውን በ1968 አይቲቲ ለተባለው ግዙፍ ድርጅት በ92 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። ይሁንና ክፍያውን የተቀበለው በአብዛኛው በገዢው ድርጅት አክሲዮን ነበር። ያንኑ አክሲዮን አስይዞም ለሌሎች ሥራዎች ተበደረ። በ1970ዎቹ የአክሲዮኑ ዋጋ ክፉኛ ሲያሽቆለቁል ዕዳው ባለበት ቀረ፣ መያዣው ግን ተነነ። ለሺዎች ቤት ያስገኘው ሰው በ1994 በ86 ዓመቱ ሲሞት አብዛኛው ሀብቱ ከእጁ ወጥቶ ነበር።