ከእንጨት ንግድ ወደ ሹመት ስለ ደረሱ ሰዎች፤ በደንም ላይ ስለ ሆነው ነገር

ደን የአገር ሀብት መሆኑን የማይናገር ሹም የለም። ነገር ግን ደኑን የሚያስቈርጠውና ስለ ደኑ ሕግ የሚያወጣው አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ምን እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ አይመረመርም። ይህ ነገር በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ፣ ይልቁንም በአሜሪካ የተባበሩ መንግሥታት ውስጥ በሚገኘው በዊስኮንሲን ግዛትና በጎረቤት አገር በካናዳ በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዘመን የእንጨት ነጋዴዎች ከንቲባ፣ አገረ ገዥ፣ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደርሰዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ አገራቸውን ጠቅመዋል፤ አንዳንዶቹም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጉዳት ትተዋል። ለተሾሙ ሰዎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ታሪኩ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ተጽፏል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማስተዋል አስቀድሞ የንግዱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዊስኮንሲንና በሚሺጋን ሰሜናዊ ክፍል ነጭ ፓይን የሚባል፣ ጥድ የሚመስል፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ዛፍ ሞልቶ ነበር። እንጨቱ ለስላሳ ስለ ሆነ ለመጋዝ ይመቻል፤ ቀላልም ስለ ሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሠራተኞች ምድር በበረዶ በተሸፈነችበት በብርዱ ወራት ወደ ዱር ገብተው ዛፉን ይጥሉ ነበር፤ ግንዱንም በበሬና በፈረስ እያስጐተቱ በበረዶው ላይ አንሸራተው ከወንዝ ዳር ይከምሩታል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላ ጊዜ ግንዱ ሁሉ ወደ ውኃ ይለቀቃል። የብዙ ነጋዴዎች ግንድ በአንድ ወንዝ ላይ ተደባልቆ ስለሚወርድ፣ ከብት በጆሮው ምልክት እንደሚለይ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ በግንዱ ጫፍ ላይ የራሱን ምልክት በመዶሻ ያትማል። ከታችም ወንዙ በሰንሰለት በተያያዘ ግንድ ይታገዳል፤ በዚያም የእያንዳንዱ ንብረት በምልክቱ እየተለየ ወደየመሰንጠቂያው ቤት ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ንግድ ከመንግሥት ሥራ ጋር ስለ ምን ተቈራኘ ቢባል፣ ምክንያቱ አራት ነው።

1ኛ፤ ወንዝ የሁሉ መንገድ ስለ ሆነ፣ ወንዙን ለመገደብና ግንድ ለማገድ የምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱን ያገኘ ማኅበር በወንዙ የሚወርደውን የሌላውን ሰው ግንድ ሁሉ ያስከፍላል።

2ኛ፤ ደኑ ያለበት መሬት በብዛት የመንግሥት ነበር። መንግሥትም አንዱን ኤክር በተለመደው ዝቅተኛ ዋጋ በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በመሬቱ ላይ የቆመው ዛፍ ግን ከዚህ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ነበር።

3ኛ፤ የባቡር ሐዲድ የሚሠሩ ማኅበሮች ከመንግሥት ሰፊ መሬት በስጦታ ይቀበሉ ስለ ነበር፣ መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ምክር ቤት ደኑ ለማን እንደሚደርስም ይወስን ነበር።

4ኛ፤ የካናዳ እንጨት ወደ አሜሪካ ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥ የገበያውን ዋጋ ያወጣና ያወርድ ነበር። ከ1854 እስከ 1866 በተደረገው ውል እንጨቱ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀረጥ ተጣለበት፤ በ1894 ቀረጡ ተነሣ፤ በ1897 ደግሞ በአንድ ሺህ የጣውላ ጫማ 2 ዶላር እንዲከፈል እንደገና ተደነገገ።

ስለዚህ ለእንጨት ነጋዴ የምክር ቤት ወንበር ከመጋዙ የማያንስ መሣሪያ ሆነለት። በሚሺጋን ከ1865 እስከ 1869 አገረ ገዥ የነበሩት ሚስተር ሄንሪ ክሬፖ፣ እንዲሁም ከ1885 እስከ 1887 በዚያው ግዛት አገረ ገዥ፣ ኋላም ከ1897 እስከ 1899 የጦር ሚኒስትር የነበሩት ሚስተር ረስል አልጀር፣ ሁለቱም በእንጨት ንግድ የከበሩ ሰዎች ነበሩ።

የዚህ ዓይነት ሰው ሕይወት እንዴት እንደ ነበረ ለማሳየት የሚስተር ፊሊተስ ሶየር ታሪክ ይበቃል። በ1816 በቨርሞንት ግዛት ከአንጥረኛ ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸው ጥቂት ነበር፤ ገና በወጣትነታቸው በመሰንጠቂያ ቤት በቀን ሠራተኛነት አገለገሉ። 17 ዓመት በሆናቸው ጊዜ፣ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ ለአባታቸው የሚገባውን የጉልበት ዋጋ በ100 ዶላር ዋጅተው ራሳቸውን ቻሉ። በ1847 ወደ ዊስኮንሲን ሄደው አስቀድሞ እርሻ ሞከሩ፤ አዝመራው ስላልቀናቸው ወደ እንጨት ሥራ ተመለሱ፤ በዚያም ባለጸጋ ሆኑ። በ1863ና በ1864 የኦሽኮሽ ከተማ ከንቲባ፣ ከ1865 እስከ 1875 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል፣ ከ1881 እስከ 1893 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ሠሩ። በምክር ቤትም ወንዝ ለማስጠረግና የመርከብ ማረፊያ ለማሠራት የሚሰጠውን ገንዘብ ለግዛታቸው በማስፈቀድ ታወቁ። ይህ ሥራ ለሕዝቡ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን የወንዙ መጠረግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ግንድ የሚያወርደውን ሰው እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሚገኘው ፔሽቲጎ ከምትባለው ከተማ ነው። የቺካጎ ከተማ የመጀመሪያ ከንቲባ ሆነው በ1837 የተመረጡት ሚስተር ዊልያም ኦግደን የባቡር ሐዲድ ካሠሩና በመሬት ንግድ ከከበሩ በኋላ፣ በዊስኮንሲን ሰሜን በፔሽቲጎ ወንዝ ዳር ሰፊ ደንና ትልቅ የመሰንጠቂያ ቤት ገዙ። በዚያም ባልዲ፣ ገንዳና የመጥረጊያ እጀታ የሚሠራ ፋብሪካ አቆሙ። የማኅበሩ ባለ ድርሻ ሚስተር አይዛክ ስቲቨንሰን ነበሩ። እርሳቸውም በኋላ በሁለቱም ምክር ቤቶች አባል ሆነዋል።

በ1867 የዊስኮንሲን ምክር ቤት ሊቁ ኢንክሪስ ላፋም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የደኑን ነገር መርምረው እንዲያስረዱ አዘዘ። መርማሪዎቹም ዛፉ ያለ ልክ መቈረጡ ምንጩን እንደሚያደርቅ፣ ነፋሱን እንደሚያበረታ፣ አፈሩንም እንደሚጐዳ ጽፈው አቀረቡ። ጽሑፉ ታተመ፤ ነገር ግን ቈረጣውን የሚገታ ሕግ አልወጣም። ብዙ የምክር ቤት ሰዎች ኑሮአቸው ከዚያው ንግድ ጋር የተያያዘ ነበርና።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ በበጋውና በመከሩ ወራት ዝናብ ጠፋ። ቈራጮቹ ግንዱን ብቻ ወስደው ቅርንጫፉንና ቅጠሉን በዱር ትተውት ስለ ነበር፣ ምድሩ ሁሉ በደረቀ ጭራሮ ተሸፍኖ ነበር። ገበሬው መሬት ለማቅናት፣ የሐዲድ ሠራተኛውም መንገድ ለመጥረግ እሳት ይለቅ ነበር። የከተማይቱ ቤቶች የእንጨት ነበሩ፤ በመንገዷም ላይ የመጋዝ ብናኝ ይነሰነስ ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1871 ማታ ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ በየስፍራው ይጤስ የነበረውን እሳት አንድ አደረገው። ፔሽቲጎ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ አመድ ሆነች። ሰዎች ወደ ወንዙ ገብተው ራሳቸውን በውኃ እያራሱ አመለጡ። ከእነርሱም አንዱ አባ ፒተር ፐርኒን የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ ቅዱስ ቍርባን የሚቀመጥበትን ሣጥን ይዘው ወደ ውኃው ገቡ፤ ስላዩትም ሁሉ በኋላ መጽሐፍ ጽፈዋል። የተቃጠለው አገር 1,200,000 ኤክር ያህል ነው፤ ይህም በጋሻ ቢቈጠር ወደ 12,000 ጋሻ ይሆናል። የሞተው ሰው ቍጥር ከ1,200 እስከ 2,400 ይገመታል። መዝገቡም ሰዎቹም አብረው ስለ ተቃጠሉ ትክክለኛው ቍጥር አልተገኘም፤ ማንነታቸው ያልታወቀ ወደ 350 የሚሆኑ ሰዎችም በአንድ መቃብር ተቀበሩ።

በዚያችው ሌሊት ቺካጎ ደግሞ ተቃጠለች። በዚያ የሞተው ሰው 300 ያህል ሲሆን፣ 100,000 የሚሆን ሕዝብ ቤት አጣ። ሚስተር ኦግደን ከንቲባ በነበሩባት ከተማና ነጋዴ በነበሩባት ከተማ ያላቸውን ንብረት በአንድ ቀን አጡ። የቴሌግራፍ ሽቦ ስለ ተቃጠለ የፔሽቲጎ ወሬ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ማዲሰን ዘግይቶ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አገረ ገዥው ሚስተር ሉሽየስ ፌርቻይልድ ለቺካጎ ርዳታ ሄደው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍራንሲስ ግን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ለቺካጎ የተጫነውን የምግብና የልብስ ፉርጎ ወደ ፔሽቲጎ እንዲሄድ አደረጉ። ሹም በሌለበት ጊዜ ሥራ የማይቆም መሆኑን ይህ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቈረጣው አልቆመም፤ እንዲያውም ቺካጎን እንደገና ለመሥራት የእንጨት ፍላጎት ጨመረ። በ1899 ዊስኮንሲን በጣውላ ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ አንደኛ ሆነች። ሚስተር ስቲቨንሰንም በ1908 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመመረጥ ከ100,000 ዶላር በላይ አወጡ፤ ስለዚህም ምክር ቤቱ ነገሩን መርምሮ በ1912 በድምፅ ብልጫ ወንበራቸውን አጸናላቸው። ገንዘቡ የተገኘው ከደኑ ነበር፤ ደኑ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር።

ዛፉ ባለቀ ጊዜ ማኅበሮቹ ጉቶ የሞላበትን መሬት ለገበሬ ሸጡ። አፈሩ አሸዋማ፣ የእርሻው ወራትም አጭር ስለ ነበረ ብዙ ገበሬዎች ከሰሩ፤ ግብር መክፈል አቃታቸው፤ መሬቱም ተመልሶ በየአውራጃው አስተዳደር እጅ ወደቀ። ግዛቱ በ1904 የመጀመሪያውን የደን ሹም ሾመ። ነገር ግን በ1915 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለደን ጥበቃ መሬት መግዛት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ስለ ፈረደ ሥራው ተሰናከለ። በ1924 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ በ1927 አዲስ የደን ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በቆመ ዛፍ ላይ በየዓመቱ ግብር ይጣል ስለ ነበር፣ ባለቤቱ ግብሩ እንዳይበዛበት ፈጥኖ ይቈርጠው ነበር። አዲሱ ሕግ ግን ዛፉን ለሚጠብቅ ሰው የየዓመቱን ግብር አቃልሎ፣ የቀረውን ዛፉ በተቈረጠ ጊዜ እንዲከፍል አደረገ። እንዲህ ያለው ሕግ ከመቶ ዘበኛ ይልቅ ደንን ይጠብቃል።

በካናዳ የነበረው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በዚያ የደኑ መሬት በብዛት የመንግሥት ሆኖ ይቀራል፤ ነጋዴው የመቍረጥ ፈቃድ ብቻ ይቀበላል፤ በቈረጠውም ልክ ይከፍላል። በዚያም ቢሆን ብክነት አልጠፋም። ይህን አስቀድመው ካስታወቁት ሰዎች አንዱ ሰር አንሪ ጉስታቭ ጆሊ ደ ሎትቢኒዬር ናቸው። እኚህ ሰው በ1829 ተወለዱ፤ በሙያቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ከእናታቸው ወገን በኩቤክ በሎትቢኒዬር ሰፊ የደን ርስት ወረሱ፤ ከርስታቸውም እንጨት ያስቈርጡና ይሸጡ ነበር። ከ1878 እስከ 1879 የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኋላም በማዕከላዊው መንግሥት ሚኒስትር፣ ከ1900 እስከ 1906 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የንጉሡ እንደራሴ ሆነዋል። እንጨት ነጋዴ ሲሆኑ በ1870ዎቹ ስለ ካናዳ ደን ባቀረቡት ጽሑፍ የነጋዴዎችን ብክነትና የእሳትን ጥፋት ገለጡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በኩቤክ የዛፍ መትከያ በዓል እንዲቋቋም አደረጉ። በርስታቸውም ጥቁር ዋልነት የሚባለውን ዛፍ፣ በተፈጥሮው ከማይበቅልበት በጣም ሰሜን ከሆነ አገር፣ ከፍሬው ጀምረው አለሙት። ዋልነት ለጣውላ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ ተካዩ ትርፉን እንደማያይ ያውቅ ነበር። በ1900 የካናዳ የደን ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1908 ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ነጋዴ አይሾም የሚል አይደለም። የዱሩን ሥራ የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ጥፋቱንም መድኃኒቱንም ያውቃል፤ ሰር አንሪ ለዚህ ምስክር ናቸው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው እጅና ከፈቃዱ የሚያተርፈው እጅ አንድ አይሁን። ከመፈቀዱ በፊት የሚቈረጠው ዛፍ ይቈጠር፤ ቈራጩም ቅርንጫፉንና ጭራሮውን እንዲያነሣ ይገደድ፤ በድርቅ ወራት መሬት ለማቅናት እሳት መልቀቅ ይከልከል፤ ግብሩም ባለ መሬቱን ለቈረጣ የሚያስቸኵል ሆኖ እንዳይደለደል ይጠንቀቁበት። የሊቃውንት ማስጠንቀቂያም በደረሰ ጊዜ በመዝገብ ቤት አይቀመጥ፤ በዊስኮንሲን ከጽሑፉ እስከ እሳቱ የነበረው ጊዜ አራት ዓመት ብቻ ነበር።

በአገራችን ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል›› የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት የሚወድ ሹም፣ በፔሽቲጎ በአንድ መቃብር ስለ ተቀበሩት ስም የለሽ ሰዎች ያስብ።