ልጄ ጠግቦ ያድራል፤ ታዲያ ለምን አያድግም?



መርሳ አካባቢ ስሠራ አንዲት እናት የ11 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ አያስለውም፣ አያስቀምጠውም፤ ክብደቱ ግን ለሦስት ወር ንቅንቅ አላለም። ምን እንደምታበላው ስጠይቃት «የማሽላ አጥሚት ነው ዶክተር፤ ጠግቦ ነው የሚያድረው» አለችኝ። እኔም ወረፋው በዝቶብኝ «ፕሮቲን ጨምሪለት» ብዬ ብቻ ሸኘኋት።

በወሩ ተመለሰች። ክብደቱ እዚያው ነው። «ፕሮቲን ማለት ሥጋ አይደል? ሥጋውን ከየት ላምጣው?» አለችኝ። ቤቷ ግን የሽምብራ ሽሮ ሞልቶ ነበር! ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ አላስረዳኋትም። ያኔ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዲኤንኤ የሚጠመጠምበት እንዝርት

ልጅ አደገ ማለት በአብዛኛው ሴሎቹ ተባዙ ማለት ነው። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን፣ ማለትም የሰውነታችንን የሥራ መመሪያ፣ ይገለብጣል። የአንድ ሴል ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚቀመጥበት ኒውክለስ ግን የሚሊሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም! እንዴት ገባ?

እናቶቻችን ፈትሉን እንዝርት ላይ እንደሚጠመጥሙት ነው። ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል፤ 8 ሂስቶኖች ተሰብስበው አንዷን እንዝርት ይሠራሉ። እንዲህ ያሉ እንዝርቶች አንድ ሴል ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ሂስቶንን መጀመሪያ የለየው ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ከዝይ ደም።

ፈትሉ እንዝርቱን እንዲይዝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቻርጅ ነው። ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ ደግሞ ላይሲንና አርጂኒን ፖዘቲቭ ናቸው። ሂስቶን ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ከአምስት አንዱ፣ ከዚያም በላይ፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ። ከአርኤንኤ ጋር የሚሠሩ ብዙ ፕሮቲኖችም በዚሁ ዘዴ ነው የሚይዙት።

ዋናው ነገር ይኸውና፦ ላይሲንን ሰውነታችን መሥራት አይችልም። ከምግብ ብቻ ነው የምናገኘው።

ይህ ማለት ላይሲን ያነሰው ልጅ ዲኤንኤው ይፈታል ማለት አይደለም፤ እንዳትደነግጡ። ሰውነት ለአስፈላጊው ሥራ ከጡንቻም ቢሆን ያወጣል። ግን ሂስቶንም፣ ጡንቻም፣ በሽታ የሚከላከለው ፕሮቲንም ላይሲን ስለሚፈልጉ፣ ሲያጥር እድገቱ ይጓተታል።

ማሽላችን ምን ጎደለው?

በሀብሩና በመርሳ ቆላ ማሽላ የቤቱ ምሰሶ ነው። ኃይል ይሰጣል፣ ድርቅ ይችላል። ነገር ግን ከ100 ግራም የማሽላ ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ነው። የሽምብራና የምስር ደግሞ 6 ግራም ያልፋል።

ወልድያ ከተማ ያላችሁም «እኛ ማሽላ አንበላም» ብላችሁ አትለፉት። ብስኩት በሻይ፣ ዳቦ በሻይ የለመደ ልጅም ያው ነው፤ ስንዴም ላይሲኑ ዝቅተኛ ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ላይሲናቸው ለየት ብሎ ከፍ ያለ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም ከእኛው ከወሎ! ላይሲናቸው ከ100 ግራም ፕሮቲን ከ3 ግራም በላይ ነበር። የወሎ ገበሬ እንዲህ ዓይነቱን ማሽላ ከሌላው ጋር አሰባጥሮ ይዘራና እሸቱን ጠብሶ ይበላው ነበር፤ ስሙንም «ወተት በጉንጬ» ብሎታል። ላቦራቶሪው ከመድረሱ በፊት ምላስ ደርሶበታል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ፍሬው ጭምድድ ያለ ነው፤ ምርቱም ያንሳል። ግን አብሽሩ፣ እሱን መጠበቅ አያስፈልገንም። መፍትሔው ጓዳችን ውስጥ አለ።

ምን እናድርግ?

👉 ከ6 ወር ጀምሮ ለልጁ ዱቄት ስታዘጋጁ፣ 3 እጅ ማሽላ ወይም ጤፍ ከሆነ 1 እጅ ሽምብራ፣ ምስር ወይም አተር ጨምሩ። አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ውሃ ውሃ ያለ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

👉 «ሽሮ ሆዱን ይነፋዋል» ለምትሉ፦ ጥራጥሬውን ዘፍዝፉት፣ ልጣጩን አንሱት፣ በትንሹ አስጀምሩት። ስትቆሉት አታሳርሩት፤ ያረረ እህል ላይሲኑ ይጎዳል።

👉 የማሽላ ፕሮቲን ሲበስል ለመፈጨት ይከብዳል። ማቡካት ያቀለዋል። ስለዚህ በእርሾ የቦካ እንጀራ፣ በርበሬ በሌለው ሽሮ ፈትፍታችሁ ስጡት።

👉 እንቁላልና ወተት ካለ እሰየው። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

👉 በእንክብል የሚሸጥ ላይሲን ግዙ አላልኳችሁም! ብራችሁን ሽምብራ ግዙበት።

ወደ ጤና ተቋም መቼ?

ልጁ ክብደት መጨመር ካቆመ ወር አትጠብቁ፤ አስመርምሩት። እድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት። ይህ በሽሮ የሚመለስ አይደለም፤ ሕክምና ይፈልጋል።

ያቺን እናት በሁለተኛው ቀጠሮ አስቀምጬ አስረዳኋት። «ይኼ ለእኛ ወጥ የምንሠራበት ሽሮ ነው?» ብላ ሳቀች። በቀጣዩ ወር ሚዛኑ ከፍ ብሎ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ «ፕሮቲን» ብዬ አላቆምም፤ «ቤት ውስጥ ምን አለሽ?» ብዬ ነው የምጀምረው።

እናንተስ? «ወተት በጉንጬ»ን የሚያውቁ አያት ቤታችሁ አሉ? እስኪ ጠይቋቸውና በኮሜንት ጻፉልኝ። ትንሽ ልጅ ላላት እናትም ሼር አድርጉላት።

ጤናችሁ ይብዛ!