የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ፦ ከሲኒማ ቤት ወደ አገር መድረክ

በአዲስ አበባ «ብሔራዊ» እየተባለ የሚጠራው አካባቢ ስያሜውን ያገኘው ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር ነው። በርካታ ተመልካቾች ትኬት ቆርጠው ወደ አዳራሹ ቢገቡም፣ የሕንፃው ግንባታ የተጀመረው ለቴአትር ታስቦ እንዳልነበረ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በፋሺስት ጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ታስቦ የነበረውም «ሲኒማ ማርኮኒ» የተሰኘ የፊልም ማሳያ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲቃረብ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ሕንፃውን ወደ ቴአትር ቤትነት ለወጠው። ለውጡ ቀላል አልነበረም። ለፊልም ሸራ፣ የማሳያ ክፍልና መቀመጫ ይበቃሉ፤ ቴአትር ግን ጥልቀት ያለው መድረክ፣ መጋረጃና መብራት የሚሰቀልበት ከፍታ፣ የተዋንያን መልበሻ ክፍሎችና የሙዚቀኞች ስፍራ ይሻል። የተዋናዩ ድምፅም እስከ ኋላኛው ረድፍ ሊሰማ ይገባል።

አዳራሹ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። በምረቃው የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በንጉሥ የዘውድ በዓል ላይ የንጉሥ ዳዊት በደል የሚነሣበት ታሪክ መመረጡ ዛሬም ሊያስገርም ይችላል። በአዳራሹ ከቴአትር ባሻገር ሙዚቃም ሥር ሰድዷል፤ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልዌከር፣ ከእርሱም በኋላ አርመናዊው ኔርሲስ ናልባንዲያን የሙዚቃ ክፍሉን መርተዋል። የአሁኑ ስም የተሰጠው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።

በፊት ለፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቀራጺው ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። በቅርበት የሚታየው ክብ የባንክ ሕንፃም የሾሜት ንድፍ በመሆኑ፣ የአንድ አርክቴክትን ሁለት ሥራዎች በአንድ ጉብኝት ማነጻጸር ይቻላል።

በዚህ ዓይነት ሕንፃ ላይ ለጥገና ተብሎ የሚፈጸም ትንሽ ለውጥ እንኳ የአዳራሹን ድምፅና መልክ ሊያዛባ ይችላል። በመሆኑም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማናቸውም የቅርስ ጥገናና እድሳት ከመከናወኑ በፊት የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አዳራሹን ለዝግጅት ለመጠቀም የምትሹ ድርጅቶችና ግለሰቦችም በመድረኩ፣ በግድግዳው ወይም በጣሪያው ላይ የሚሰቀል ማናቸውም ቁሳቁስ ካላችሁ አስቀድማችሁ ከቴአትር ቤቱ አስተዳደር ጋር እንድትመካከሩ እናሳስባለን።